ወንዙ ወደ ሰሜን በሚዞርበት ከተማ

ለትምህርት ከምኖርባት ዴልሂ በሌሊት ባቡር ተነሥቼ ትናንት ማለዳ ቫራናሲ ገባሁ። የሂንዱ ምእመናን ካሺ የሚሏት ይህች ከተማ በጋንጅስ ምዕራባዊ ዳር የተቀመጠች ናት፤ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ የመጣው ወንዝ እዚህ ሲደርስ ወደ ሰሜን ስለሚዞር፣ ጋት የሚባሉት፣ ወደ ውኃው የሚያወርዱ ከ80 በላይ ባለ ድንጋይ ደረጃ መውረጃዎች ፊታቸውን ለፀሐይ መውጫ ሰጥተዋል። ማዶው ቤት የሌለበት አሸዋ ነው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ዳሻሽዋሜድ ወደሚባለው ጋት ወረድኩ። ከአጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሳሪያቸውን እንደለበሱ እስከ ወገባቸው ገብተው ሦስት ጊዜ ጠለቁ፤ ከዚያም ውኃውን በእፍኛቸው እያነሡ ለምትወጣው ፀሐይ አፈሰሱላት። ሲወጡ ትንሽ የፕላስቲክ ጀሪካን ሞልተው ከዘጉ በኋላ ዘቅዝቀው አዩት፤ ጠብ ሲል ጊዜ እንደገና ከፍተው፣ አፉ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አድርገው አጠበቁት። አያቴ ከጠበል ስትመለስ ቤት ለቀረነው የምታመጣውን ሃይላንድ ልክ እንዲሁ ነበር የምትከድነው። ወንዙ የከተማ ፍሳሽ እንደሚገባበት አውቃለሁ፣ ያሳዝነኛልም፤ በዚያች ሰዓት ግን ከእጃቸው በቀር ሌላ አላየሁም።

ኋላ ጀልባ ቀዛፊውን ብጠይቀው፣ ውኃው ቤት ተቀምጦ ሊሞት በተቃረበ ሰው ከንፈር ላይ ጠብ እንደሚደረግ ነገረኝ። በካሺ የሚሞት ሰው አምላካቸው ሺቫ ራሱ በጆሮው የመሻገሪያውን ቃል ሹክ ስለሚለው ዳግም ከመወለድ ነፃ ይወጣል ብለው ያምናሉ፤ እዚህ መጥቶ መሞት ላልቻለ ግን ወንዙ ወደ እርሱ ይሄድለታል።

ከሰዓት በኋላ አስከሬን የሚቃጠልበት፣ እሳቱ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋበት ማኒካርኒካ ጋት ደረስኩ። ማገዶው በትልቅ ሚዛን ይመዘናል፤ አስከሬኑ ወንዙ ውስጥ ተነክሮ እንጨቱ ላይ ይጋደማል። ደረት እየተመታ በሚለቀስበት አገር ላደግሁት ለእኔ የዚያ ስፍራ ጸጥታ ከባድ ነበር። ከጀልባ ላይ ስልካቸውን ወደ እሳቱ የዘረጉ ጎብኚዎችን ሳይ ከልቤ አዘንኩ፤ የማያውቁት ሰው ሐዘን ለማስታወሻ የሚወሰድ ዕቃ አይደለም። ራሱን ተላጭቶ ነጭ የለበሰ አንድ ወጣት በመጨረሻ የወንዙን ውኃ የሞላ ሸክላ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወርውሮ፣ ሳይዞር ደረጃውን ወጣ።

አሁን ማረፊያዬ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ እኚያ እናት ከዓይኔ አልጠፉም። ክዳኑን ያን ያህል የተጠነቀቁለት፣ ቤታቸው ማን ተኝቶ ይሆን?