ሻምፒዮናው በሦስት አገር፣ እኔ በመርከብ

የሴቶች እጅ ኳስ የዓለም ሻምፒዮና አለቀ፤ የኔ ድምፅ ግን ገና አልተመለሰም። የ2023ቱን ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን ተካፍለው ነው ያዘጋጁት። 32 ቡድን፣ ስድስት ከተማ፣ ከኖቬምበር 29 እስከ ዲሴምበር 17።

የምኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ስለሆነ ዓለም ደጄ ድረስ መጣልኝ ብዬ ነበር። መምጣቱስ መጣ፣ ግን ቁራሹ ነው የመጣው። ፈረንሳይና ኖርዌይ በኖርዌይዋ ስታቫንገር ናቸው፣ ዴንማርክ ሄርኒንግ፣ ኔዘርላንድ ፍሬድሪክስሃቭን፣ ሁለቱም ዴንማርክ ውስጥ። አንጎላ ፈረንሳይን አስጨንቃ አስጨንቃ 30 ለ29 ስትሸነፍ እኔ የባቡር ፌርማታ ላይ ቆሜ በስልክ ነው ያየሁት፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። በርግጥ ሦስት አገር ሲካፈል ወጪውም ይካፈላል፣ እያንዳንዱም ቡድኑን በሕዝቡ ፊት ያጫውታል። ይገባኛል። ለተመልካች ግን ያው ውድድሩ ተበጣጥሶ ነው የሚደርሰው።

የኛ ድርሻም ቢሆን ክፉ አልነበረም። ስዊድን፣ ክሮሺያ፣ ቻይናና ሴኔጋል ስካንዲናቪየም ገቡ። ከሊሴበርግ መዝናኛ አጠገብ ያለው፣ በ1971 የተከፈተው አሮጌው አዳራሽ ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ካሜሩን ከሌላዋ የስዊድን ከተማ ከሄልሲንቦሪ መጣችና ሁለት የአፍሪካ ቡድን እዚሁ ተገናኘ። ጓደኛዬን ነይ ብላት «አንቺ ደግሞ እጅ ኳስ ምንሽ ነው?» አለችኝ። ትምህርት ቤት እንጫወት ነበር እኮ! አቧራ ሜዳ ላይ፣ በማንኛውም በተገኘ ኳስ። በመጨረሻ መጣች፣ ከኔ በላይም ጮኸች።

ቲቪ የማያሳየው ነገር አለ። ከታች ረድፍ ተቀምጠሽ ስታዪ፣ ተጫዋቿ ጫማዋ ተረከዝ ላይ ሙጫ ለጥፋለች። ኳስ ከመቀበሏ በፊት ጎንበስ ትልና በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ያን ኳስ በአንድ እጇ ጨብጣ ትዘላለች። ጎሉን የከበበው ስድስት ሜትሩ መስመር ላይ ያለው ትግልማ ሌላ ነው። መሀል የምትቆመዋ ልጅ ጀርባዋን ለጎሉ ሰጥታ ከሁለት ተከላካይ ጋር ትተሻሻለች፤ ማሊያ ይጎተታል፣ ክርን ይገባል፣ ዳኛዋ ዝም። ትንሽ ሲበዛ ደግሞ ሁለት ጣት ይወጣል፣ ሁለት ደቂቃ ውጪ። የሴት ጨዋታ ለስላሳ ነው የሚል ሰው እዚያ ረድፍ ላይ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ሁለተኛው ዙር አልቆ ውድድሩ ጥሎን ሄደ። ስዊድን ገና አለች፣ ሩብ ፍጻሜዋ ግን ሄርኒንግ ነው። አዘጋጅ ሆነሽ ወሳኙን ጨዋታ በሰው አገር! ጀርመንን አሸነፈች፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ፈረንሳይ 37 ለ28 አደረገቻት። እኔ ደግሞ ለመጨረሻው ቀን ትኬት ቀድሜ ገዝቻለሁ። ምን ላድርግ፣ በመርከብ ወደ ፍሬድሪክስሃቭን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ታች፣ ወደ ሄርኒንግ። የታኅሣሥ ባሕር ደግሞ አይጣል ነው፣ ቁርሴን አስረስቶኛል።

ለነሐስ ዴንማርክና ስዊድን ተገናኙ። አዳራሹ ቀይ በቀይ፣ እኛ ቢጫዎቹ አንድ ጥግ። 28 ለ27 ተሸነፍን። በአንድ ጎል! («ተሸነፍን» ማለት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ አፌ አለው።)

ፍጻሜው ፈረንሳይና ኖርዌይ። አጠገቤ የነበሩት የዴንማርክ እናት ለፈረንሳይ ሲያጨበጭቡ ገረመኝ። ለካ ኖርዌይ በግማሽ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት በአንድ ጎል አሰናብታቸዋለች። ጎረቤት እኮ እንዲህ ነው። የኖርዌይዋ ሄኒ ሬስታድ የውድድሩ ኮከብ ተባለች፣ ይገባታል፤ ስትነሳ ማን እንደሚያቆማት አይታወቅም። ዋንጫው ግን 31 ለ28 የፈረንሳይ ሆነ፣ ከ2003 እና ከ2017 ቀጥሎ ሦስተኛቸው። ከግብ ጠባቂዎቻቸው አንዷ ሃታዱ ሳኮ ናት፣ ቀድሞ ለሴኔጋል የተጫወተች። እኔ እዚህ ጋ ደስታም ቅናትም ተደባለቀብኝ። ያቺን ግብ ጠባቂ ሴኔጋል ጎል ላይ ስካንዲናቪየም ውስጥ ባያት ምን ነበረበት?

የ2025ቱ አዘጋጆች ጀርመንና ኔዘርላንድ ናቸው። ቢያንስ በመሀላቸው ባሕር የለም።