ገርባ ጉራቻ ላይ «አውቃለሁ» ያልኩበት ቀን

ባሌ ተራሮች ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራ ሲደጋገም አፍ ብቻውን ይሠራዋል። ዲንሾ ላይ ስለ ኒያላ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ስለ ጅብራ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ገርባ ጉራቻ ስንደርስ የምለውም የታወቀ ነበር፦ «ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ከፍታው 3,950 ሜትር ነው። እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የተፈጠረ ነው።» የቢሾፍቱን ሐይቆችና ወንጪን ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተቃወመኝም። እንግዳው ፎቶ ያነሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ በቃ።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ያጋጠሙኝ ባልና ሚስት ግን ሌላ ነበሩ። ሚስትየዋ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ሐይቁ ዳር ቆመን የተለመደውን ስነግራት እስክጨርስ ጠበቀችኝና በጨዋ ድምፅ፣ «ጠርዙ የት ነው?» አለችኝ።

«የምን ጠርዝ?»

«እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ከሆነ ዙሪያውን ይከበባል። ይሄ ግን በአንድ በኩል ገደል አለው፣ በሌላ በኩል ወደ ሸለቆው ክፍት ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር አይመስልህም?»

ይመስላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ቆሜ ጉድጓድ ነው ስል ኖሬያለሁ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ቶጎና ሸለቆ የሚወርደውን የድንጋይ ክምር አሳየችኝ። ቤት የሚያክለው፣ ቡጢ የሚያክለውና ዱቄት የመሰለው አፈር አንድ ላይ ተዝቆ የተደፋ ነው። ውሃ ያመጣው ቢሆን ትልቁን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ ያስቀምጠው ነበር አለች። የበረዶ ግግር ግን አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ወስዶ ሲቀልጥ እንዳለ ይጥለዋል። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ መሆኑ እውነት ነው፤ ጎድጓዳውን ፈልፍሎ ያበጀው ግን ከ10,000 ዓመት በላይ በፊት ቀልጦ ያለቀ በረዶ ነው። ባልየው ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ፈረስ ጫኛችንና ልጃቸው እዚያው ኮርቻ እየፈቱ ነበር፤ እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ ባውቅም የሰሙኝ መሰለኝ።

ይህን የማወራው ለቀልድ አይደለም፤ የማግስቱ ጥፋት የተጠነሰሰው እዚያ ነው።

ማግስቱ የባቱ ቀን ነው። ባቱ ተራራ 4,307 ሜትር ነው፤ ከባሌ ከፍተኛው ጫፍ ከቱሉ ዲምቱ በ70 ሜትር ያንሳል። ቱሉ ዲምቱ ግን መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣበታል፣ ባቱ እግር ይጠይቃል። የተለመደው መንገድ ከካምፑ ዞር ብሎ ሜዳውን እየያዘ የሚወጣ የፈረስ ዱካ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት የተነሳ ሰው ለምሳ ካምፕ ይመለሳል። ቁርስ ላይ አስተማሪዋ ስልኳን አወጣች። ከሳተላይት የተነሳ ካርታ አለው። ከሐይቁ በላይ፣ ከድንጋዩ መሃል ሁለት ትናንሽ ሰማያዊ ነጥቦች አሳየችኝ።

«እነዚህም በረዶው የፈለፈላቸው ኩሬዎች ይመስሉኛል። በእነሱ በኩል ወደ ባቱ መውጣት ይቻላል? መንገዱን ታውቀዋለህ?»

በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም። ትናንት ባትስቅብኝ፣ ማለቴ ባሏ ባይስቅብኝ፣ ይህንኑ እላት ነበር። «አውቃለሁ» አልኩ።

ፈረስ ጫኛችን ኦቦ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ወዴት እንደምንሄድ ገብቷቸዋል። (ስማቸው ይቅርና እዚህ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን።) ፈረሱን ሊጭኑ ሲሉ ቀረብ ብለው፣ «ያ ኢልማ (ልጄ ሆይ)፣ በዚያ በኩል ከብት እንኳ አንነዳም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። «ኦቦ፣ እርስዎ ካምፕ ይጠብቁ፣ ለምሳ እንመለሳለን» ብያቸው ሄድኩ። ባልየው ሌሊቱን ራሱን ሲያመው ስላደረ ካምፕ ቀረ። የከፍታ ራስ ምታት ይዞት ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ አልወስድም፤ የዚያን ቀን በትክክል የሠራሁት ይህን ብቻ ነው።

ኩሬዎቹ ጋ ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። በተለመደው መንገድ ብንሄድ ያን ጊዜ ባቱ ጫፍ ላይ ነበርን። ድንጋዩ ልል ነው፤ አንዱን ስትረግጥ ሦስተኛው ይነቃነቃል። ግን እውነት ለመናገር ኩሬዎቹ ያምራሉ። የሌሊቱ ውርጭ በዳራቸው የሠራው መስታወት የመሰለ ቀጭን በረዶ ጥላው ባለበት በኩል ገና አልቀለጠም ነበር። አስተማሪዋ ተንበርክካ በጣቷ ሰበረችው፣ እንደ ልጅ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። ያኔ «አሁን እንመለስ» ማለት ነበረብኝ። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ መገኘት እንደሌለብን የምናውቀው ሕግ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ይመጣልና። ግን አውቃለሁ ያለ ሰው አይመለስም። ባቱ ጫፍ የደረስነው 8 ሰዓት ላይ ነው። ፎቶ አነሳኋት። ፎቶው ላይ ከኋላዋ ነጭ ነው፤ ሰማይ መስሏት ነበር።

በሩብ ሰዓት ውስጥ የገዛ ጫማዬን ማየት አቃተኝ። በመጣንበት ልል ድንጋይ በጉም መውረድ ሞት ነው፣ ስለዚህ ለስላሳ ሣር ያለበትን ጎን መረጥኩ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። ሳሩ ለምን ለስላሳ ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሳነቴን የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው፦ ባሌ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ትልቁ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ እሱ ነው። የሰውም ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ለእንግዳ ስነግር በጣም ይስቃሉ፦ ፊንጫ ሀበራ የተባለው ዋሻ ሲቆፈር ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ የኖሩ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ታውቋል። ለማንኛውም ይህ እንስሳ ሣር ያለበትን መሬት ከሥሩ ቦርቡሮ ይጨርሰዋል። ከላይ ሜዳ ነው፣ ከታች ወንፊት።

ድምፁን አልረሳውም። ቂጣ ሲቆረስ እንደሚሰማው ያለ ነው። ዞር ስል አስተማሪዋ አንድ እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ የለም። አልጮኸችም። እግሯን ቀስ ብለን ስናወጣው የጫማዋ አፍንጫ ወደ ጎን ይመለከታል። ሰዓቱ 9 ተኩል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ጃኬቴን አለበስኳት፣ ቁርጭምጭሚቷን በሻርፗ አሰርኩት፣ ከዚያ ፊሽካ ሦስት ጊዜ እየነፋሁ፣ እስከ 60 እየቆጠርኩ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። «መንገዱን አታውቀውም ነበር፣ አይደል?» አለችኝ በመሃል። ቁጣ የለባትም፤ ተማሪ ስትጠይቅ የኖረች ሴት አነጋገር ነው። «አላውቀውም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ትናንት ስለ ሐይቁ ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ» አለች። እግሯ የተሰበረው እሷ፣ ይቅርታ የምትጠይቀውም እሷ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፉጨት ሰማሁ። ኦቦ ናቸው። ለምሳ ሳንመለስ ሲቀር ማንም ሳይልካቸው ፈረስ ይዘው ከልጃቸው ጋር ወጥተዋል። ፈረሱን ወደ እኛ አላመጡትም፤ ራቅ ብሎ ጠንካራ መሬት ላይ አሰሩትና በዱላቸው ፊት ለፊታቸውን እየወጉ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ቁጥቋጦ እየተሸጋገሩ መጡ። አንዴም ሣር አልረገጡም። «ከብት የማንነዳው ለዚህ ነው» አሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ዘረጉ። እሷን አስተኝተን፣ እኔ በራስጌ፣ ኦቦና ልጃቸው በግርጌ ይዘን እስከ ፈረሱ ተሸከምናት። መንገድ ላይ ጋቢው ከጥግ ተተረተረ፤ ሲቀደድ ሁላችንም ሰማን፣ ማንም አልቆመም።

ካምፕ ስንገባ መሽቷል። ጠዋት በፈረስ እስከ ጎባና ዶሎ መና መንገድ አወረድናት፣ ከዚያ በመኪና ጎባ። ስብራቱ አንድ ቦታ ነበር።

መሥሪያ ቤቴ ሪፖርት ጠየቀኝ። «እንግዳዋ በጉም ምክንያት እግሯ አዳልጧት ወደቀች» ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ምስክር ስላስፈለገ ኦቦ ጋ ወስጄ እንዲፈርሙ ጠየቅኳቸው። የአማርኛ ጽሑፍ ስለማያነቡ አነበብኩላቸው። አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል አቆሙት።

«እኔ የነገርኩህ የትኛው መስመር ላይ ነው?»

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት፣ በዚህኛው ሦስት ገጽ ሆነ። ኩሬውም፣ «አውቃለሁ» ማለቴም፣ የኦቦ ቃልም፣ 8 ሰዓትም ገባበት። ሁለት ወር ያለ ሥራ አስቀመጡኝ። የቀጡኝ እውነቱን በመጻፌ ይሁን በጥፋቱ እስካሁን አልገባኝም፤ አለቃዬ ራሱ የመጀመሪያውን ቢያገኝ ይመርጥ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሥራ ስመለስ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ሮቤ ገበያ ሄድኩና ጥሩ ጋቢ ገዛሁ። ኦቦ ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ መረቁኝ፣ ለሚስታቸው ሰጡት። በሚቀጥለው ጉዞ ዲንሾ ስንገናኝ ያው የተቀደደው በጥቁር ክር ተሰፍቶ ትከሻቸው ላይ ነው።

«ኦቦ፣ አዲሱስ?»

«አዲሱ ለበዓል ነው» አሉ ኮርቻውን እያጠበቁ። «ካንተ ጋር ስወጣ ይሄኛው ይሻላል።»