የድሮዋ ዲሲ የውስጥ ገጽ ዜናዎች

ሰሞኑን ከሥራ ስገባ የምከፍተው የዛሬውን ዜና አይደለም። «ኢቭኒንግ ስታር» የሚባለውን የድሮ የዋሽንግተን ጋዜጣ ነው። ከሰዓት በኋላ እየታተመ ማታ ቤት ለቤት የሚታደል ጋዜጣ ነበር፤ በ1981 ተዘጋ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የድሮ እትሞቹ በዲጂታል ስለሚገኙ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ማንበብ ይቻላል። እኔ የያዝኩት የ1950ዎቹን መጀመሪያ ነው።

የፊት ገጹን ቶሎ አልፈዋለሁ። ኮሪያ፣ ማካርቲ፣ አይዘንሃወር። እሱን የታሪክ መጻሕፍት ጠግበው ጽፈውታል። እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ የውስጡ ገጽ ነው። የሱቅ ቅናሽ፣ የቤዝቦል ውጤት፣ የሰርግና የቀብር ማስታወቂያ፣ የአንባቢ ደብዳቤ። ሰው በዚያ ዘመን ምን ለብሶ፣ ምን በልቶ፣ በምን ተናዶ እንደዋለ ከዚህ የተሻለ የሚነግር ነገር አላገኘሁም።

መጀመሪያ ያስቆመኝ የቤት ማስታወቂያው ነው። በጥቃቅን ፊደል፣ ዓምድ በዓምድ ተደርድሯል። ስንት መኝታ ቤት እንዳለው፣ በምን እንደሚሞቅ፣ ትራም በቅርብ ይኑር አይኑር ይናገራል። ከዚያ መሐል «ለጥቁሮች» የሚል ይመጣል። ማስረዳት የለ፣ ማፈር የለ። እንደ መኝታ ቤቱ ብዛት ተጽፎ ይታለፋል። የሥራ ማስታወቂያውም እንደዚያው ነው። ያንን ዓምድ ሳነብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይከብደኛል። ጭካኔ ሲጮህ አውቀዋለሁ። እንዲህ ረጋ ብሎ፣ ከማቀዝቀዣና ከምንጣፍ ማስታወቂያ ጎን ተቀምጦ ሳየው ግን የባሰ ያመኛል።

ያኔ ከተማዋ ሞልታ ነበር። በ1950ው ቆጠራ ዲሲ ውስጥ 802,178 ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቆጠራ ያን ያህል ሕዝብ ኖሯት አያውቅም። ይህ ሁሉ ሰው ግን ከንቲባ አልነበረውም። የሚያስተዳድሩት ሦስት ኮሚሽነሮች ነበሩ፤ እነሱንም የሚሾማቸው ፕሬዚዳንቱ ነው። ሕጉን የሚያወጣው ደግሞ ኮንግረሱ ነው። የዲሲ ሰው ለፕሬዚዳንት ድምፅ የሰጠው ገና በ1964 ነው። የአንባቢ ደብዳቤዎቹን ሳነብ ይህን አልረሳም። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ድምፁን በሚሰጥበት ጉዳይ የዲሲ ሰው ያለው ብዕሩ ብቻ ነበር።

የምሠራበት ቡና ቤት ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ያደጉት እዚሁ፣ ዛሬ ሻው የምንለው ሰፈር ነው። ልጅ ሳሉ ጋዜጣ ያድሉ ነበር፤ ያውም ይህንኑ ስታርን። የማነበውን ስነግራቸው ወንበሩን ስበው ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። ስለ ትራም ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም።

የዲሲ ትራም እንደ ሌላው ከተማ ትራም አልነበረም። መሐል ከተማው ላይ ከራስ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት በሕግ ክልክል ነበር። ስለዚህ ኃይሉ የሚመጣው ከመሬት ሥር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ቀጭን ስንጥቅ አለ። ከትራሙ ሆድ የወረደ ብረት በዚያ ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ካለው መስመር ኤሌክትሪክ ይስባል። ትራሙ ከመሐል ከተማ ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ያንን ብረት ከሥር ይፈታዋል። ከላይ ደግሞ ዘንጉ ተነስቶ ሽቦውን ይይዛል። ከዚያ ጉዞ ይቀጥላል። ሲመለስ የተገላቢጦሽ ነው። አዛውንቱ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደው ሰውየው እንዴት እንደሚፈታው አሳዩኝ። ልጅ ሆነው ጉድጓዱን ለማየት ብለው ብቻ አንድ ፌርማታ አልፈው ይወርዱ ነበር።

የመጨረሻው ትራም ሥራ ያቆመው ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ነው። የተወሰኑት ተሸጠው ሳራዬቮና ባርሴሎና ድረስ ሄደው ሠርተዋል። ቁጥራቸው ግን እዚሁ ቀረ። በጆርጂያ አቬኑ የሚመላለሰው 70፣ በዩ ስትሪት የሚያልፈው 90 እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምንሳፈርባቸው የአውቶቡስ ቁጥሮች ነበሩ። ከትራሙ የተወረሱ ናቸው።

በትራሙ ላይ ጥቁርና ነጭ አብረው ይቀመጡ ነበር። እንደ ደቡብ ከተሞች ኋላ ሂድ የሚል አልነበረም። ትራሙን የሚነዳ ጥቁር ግን እስከ 1955 አልነበረም። ደግሞም አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጡ ሁለት ሰዎች መሐል ከተማ ሲወርዱ አንድ ምግብ ቤት መግባት አይችሉም። የገበያ አዳራሹ ከጥቁሩ ገንዘብ ይቀበላል፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሳንድዊች አዝዞ እንዲቀመጥ ግን አይፈቅድለትም። ጥቁር ሰው መሐል ከተማ ላይ ሳይሸማቀቅ የሚበላባቸው ቦታዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ዩኒየን ስቴሽን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካፌዎች፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ።

ዩ ስትሪት ያኔ ራሱን የቻለ ከተማ የሆነው ለዚህ ነው። ሃዋርድ ቴአትር፣ ሊንከን ቴአትር፣ የጥቁሮቹ የራሳቸው ባንክ፣ በ1944 የተከፈተው ፍሎሪዳ አቬኑ ግሪል የሚባለው ምግብ ቤት። ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤት ደግሞ በ1958 ተከፈተ። ትንሽ ወጣ ሲባል ግሪፊት ስታዲየም ነበር፤ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ማለት ነው። በኤፕሪል 1953 የቤዝቦል ተጫዋቹ ሚኪ ማንትል እዚያ የመታው ኳስ ከስታዲየሙ ወጥቶ የሰው ጓሮ ውስጥ ወደቀ። 172 ሜትር ተጓዘ ተባለ። ቤዝቦል አይገባኝም። ግን ዛሬ ስንት ሀበሻ ነርስ በፈረቃ የሚገባበት ግቢ ያኔ ሕዝብ የሚጮህበት ሜዳ እንደነበር ማወቅ ደስ ይለኛል።

እዚህ ጋ ነው የሾርባው ታሪክ የሚመጣው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ቴሬል የተወለዱት በ1863 ነው። ወላጆቻቸው ባሪያ የነበሩ ናቸው። እሳቸው ኮሌጅ ጨርሰው፣ አስተማሪ ሆነው፣ ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ ተሹመው የኖሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። በጃንዋሪ 1950፣ በ86 ዓመታቸው፣ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር 14ኛው ጎዳና ላይ ወዳለው ቶምሰን ካፌቴሪያ ገቡ። እንደ ማንኛውም ተስተናጋጅ ትሪ አነሱ። ሾርባ አደረጉበት። ሥራ አስኪያጁ መጣና ጥቁር አናስተናግድም አላቸው።

የሄዱት አስበውበት ነው። ሕግ አዋቂዎች ሁለት የተረሱ የከተማ ሕጎች አግኝተው ነበር፤ የ1872ና የ1873። ሕጎቹ ማንኛውም ምግብ ቤት በጨዋነት የመጣን ሰው ሁሉ እንዲያስተናግድ ያስገድዳሉ። እምቢ ያለ 100 ዶላር ይቀጣል፤ ፈቃዱንም ለአንድ ዓመት ያጣል። በኋላ የከተማዋ ሕግ ሲታተም ሁለቱም ሳይካተቱ ቀሩ። ግን የሻራቸው የለም። እንዲሁ ተረስተው ነው የኖሩት። እነ ወይዘሮ ቴሬል ያደረጉት ከመሳቢያ ሥር ያለውን ሕግ አቧራውን አራግፈው «ይኸው፣ አልሞተም» ማለት ነው።

ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ተንከራተተ። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1951 ሄክትስ የሚባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሰልፈኛው ጋር ይዞሩ ነበር። እዚያ ሰልፉና ግዢ ማቆሙ ሠራ፤ በ1952 መጀመሪያ የምሳ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። በቶምሰን ጉዳይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 8 ቀን 1953 ፈረደ። 8 ለ 0። የረሱት ሕግ ሕግ ነው አለ። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ቴሬል ተመልሰው ቶምሰን ሄዱ። በዚህኛው ቀን ትሪያቸውን የተሸከመላቸው ሥራ አስኪያጁ ነበር።

ይህን ያነበብኩት ቀኑን ሙሉ ትሪ ስይዝ ውዬ ነው። ዲሲ ውስጥ ስንቶቻችን በምግብ ቤት እንጀራ ወጣልን። በናይንዝ ስትሪት፣ በዩ ስትሪት፣ በአዳምስ ሞርጋን በራችን ለማንም ክፍት ነው። ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ እኛም እናቀርባለን። ይህ ከአየሩና ከውሃው ጋር አብሮ የመጣ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። አንዲት የ86 ዓመት እናት ሾርባቸውን ሳይበሉ ቆመው የከፈቱት በር ነው። ስማቸውን የማያውቅ ሀበሻ ባለ ምግብ ቤት ቢኖር ቅር ይለኛል። በበኩሌ ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ ብናየው ደስታዬ ነው።

ያ ዘመን ግን በር ሲከፈት ብቻ የታየበት አይደለም። ያንኑ የሾርባ ፍርድ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በኖቬምበር 1954 ሌላ ፍርድ ጻፉ። የሳውዝዌስት ሰፈር ጉዳይ ነው። መንግሥት ሰፈሩ ቆሽሿል፣ ይፍረስ ይላል። አንድ ባለ ሱቅ ሱቄ ጤነኛ ነው፣ አትንኩብኝ ይላል። ፍርድ ቤቱ ሰፈሩ በጠቅላላ ሊፈርስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ፍርዱ ውስጥ ያለው ቁጥር አላስተኛኝም። ከቤቶቹ 57.8 በመቶው ሽንት ቤታቸው ውጭ ነው። 60.3 በመቶው መታጠቢያ የለውም። 29.3 በመቶው መብራት የለውም። ከነዋሪው 97.5 በመቶው ጥቁር ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ኮንግረሱ ካለበት ኮረብታ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

ታዲያ ቤት ውሃና መብራት ከሌለው ውሃና መብራት ይገባለታል እንጂ ሰፈሩ ከነቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነሱቁ፣ ከነጎረቤቱ ይነቀላል? ከ20,000 በላይ ሰው ተበተነ። አዛውንቱ ደንበኛዬ የአክስታቸው ቤት እዚያ ነበር። የሳውዝዌስትን ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኙት ለቅሶ ላይ ብቻ እንደነበር ነገሩኝ። የመፍረሱ ዜና ጋዜጣው ላይ የእድገት ዜና ሆኖ ነው የቀረበው። የአክስታቸውን ወጥ ቤት የሚያነሳ መስመር የለበትም።

እኛስ የት ነበርን? ሰው የዲሲን ሀበሻ ታሪክ ከደርግ ዘመን ስደት ይጀምረዋል። ከዚያ በፊትም ግን እዚህ ነበርን፤ ያውም የዚህ ታሪክ መሐል ውስጥ። በ1948 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ኮንስቲትዩሽን ሆል ለሚደረግ ዝግጅት ተጋብዘው ሄዱ። ለዲፕሎማቶች በተዘጋጀው ቦታ ተቀመጡ። ተነሱ ተባሉ። ራስ እምሩ አዳራሹን ጥለው ወጡ። የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ 17 ቀን 1954፣ ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ተፈረደ። የዲሲም ጉዳይ በዚያው ቀን ተወሰነ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ጃንሆይ ዋሽንግተን ገቡ፤ በእኛ ግንቦት 18 ቀን 1946 ማለት ነው። ያን ሌሊት ያደሩት ዋይት ሐውስ ነው። በኮንግረሱ ፊት ንግግር አደረጉ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በነዚህ ቀናት የሻው ሰፈር ሰው ምን እንደተሰማው አስባለሁ። የዚያን ወር ጋዜጣ የሚያመጣለት ልጅ የኔው አዛውንት ነበሩ። ጃንሆይን ያስታውሱ እንደሆነ ስጠይቃቸው እናታቸው ፎቶውን ከጋዜጣው ቆርጠው መስታወት ጥግ ላይ እንደሰኩት ነገሩኝ። ለልጅ ልጆቻቸውም ያንን ነው የሚያወሩት።

አንድ ነገር ግን ጋዜጣው ውስጥ አጣሁ። በዚያ ዘመን ሃዋርድ የሚማሩ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። የጃንሆይን ጉብኝት እናገኛለን፤ የተማሪውን ውሎ አናገኝም። ይህን የምታነቡ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ያኔ እዚህ የተማሩ ካላችሁ፣ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ክፍል ያከራያቸው ማን ነበር? ትራም ስንት ቁጥር ይይዙ ነበር? ከ1953 በፊት መሐል ከተማ ወርደው ሲርባቸው የት ገብተው ይበሉ ነበር? የነገሯችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ። ከጋዜጣው ቀን ጋር እያመሳከርኩ እዚሁ አወጣዋለሁ።