ጎረምሳው ወይስ ሽማግሌው

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም አላስከፋኝም፣ የጎደለብኝም ነገር የለም። ስራ ከምፈታ ብዬ ያንን የድሮ መሳቢያ ማጽዳት ጀመርኩ። የጠፋ ቁልፍ፣ ያለቀ ባትሪ፣ ቀለሙ የለቀቀ ደረሰኝ። ከሁሉም ስር አንድ ባለ 10 ሳንቲም ወጣ። ገልበጥ ሳደርገው የደጋ አጋዘኑ ከነቀንዱ አለ።

ከነቀንዱ ነው እንግዲህ፣ ወንዱ ማለት ነው። እንስቷ ቀንድ የላትም። ሳንቲም ላይ የሚቀረጸውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ባለቀንዱ ነው። ለሳይንስ ዓለም የታወቀው ራሱ በአዳኝ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ገደለው፤ በ1910 ደግሞ በዚያው ሰው ስም ሳይንሳዊ መጠሪያ ወጣለት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም።

አጎቴ ትዝ አሉኝ። እዚህ ስለሳቸው ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ባሌ ውስጥ አደን በሚፈቀድበት ጫካ ለረጅም ዘመን ዱካ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከውጭ የሚመጡት አዳኞች ለአንድ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ፈቃዱ በኮታ ነው፣ ለወንድ ብቻ። አጎቴ ግን ከፈቃዱ በላይ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ጎረምሳ አይነካም። «ገና መች ኖረና?» ይላሉ።

ዕድሜውን እንዴት እንደሚለዩ ሲያወሩ መስማት ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ቀንዱን አያዩም። ቀለሙን ነው የሚያዩት። ለጋው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ እያረጀ ሲሄድ ይጠቁራል። ከዚያ አንገቱን ያያሉ፣ ወፍሮ ከትከሻው ጋር ገጥሞ እንደሆነ። ቀንዱ የመጨረሻ ነው፤ ያውም ርዝመቱን ሳይሆን ጫፉን፣ ተበልቶ እንደሆነ። ባለ ገንዘቡ አነጣጥሮ ሳለ አፈሙዙን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ወደ መሬት የመለሱበት ጊዜ አለ። ሰውየው ተቆጣ፣ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

እኔ በዚህ አመለካከት ነው ያደግሁት። ትልቁ ዘሩን ተክቷል፣ ድርሻውን ወስዷል። ትንሹን መግደል ነውር ነው። ሌላ አስተሳሰብ ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ።

የአክስቴ ልጅ ስዊድን ሄዶ አደን እስኪጀምር ድረስ። እዚያ በየመከሩ መንደርተኛው ተሰብስቦ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ያድናል። ከሚገደለው ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚያው ዓመት ግልገል። ስልክ ላይ ሲነግረኝ ዝም አልኩ። «ስሚኝማ» አለኝ፣ «እናትና ግልገል አብረው ከወጡ ግልገሉ ነው የሚመታው። እናቲቱን ከገደልሽ ግልገሉ ብቻውን ክረምቱን እንዴት ይወጣል? ግልገሉን ብትወስጂ ግን እሷ ለከርሞ ትወልዳለች፣ አንዳንዴም መንታ።» እነሱ ዘንድ ነውሩ የተገላቢጦሽ ነው። እናትን ከግልገሏ ፊት የገደለ ሰው አንገቱን ይደፋል።

ያን ቀን ተከራክሬዋለሁ፣ አልረታሁትም። ሂሳቡ ልክ ነው። ደርሳ የምትወልድ እንስት ለመንጋው ከማንም በላይ ታስፈልጋለች። ግልገል ደግሞ አዳኝ ባይኖርም በብርድና በረሃብ ከሁሉም ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ይህን አውቄም ግን ሆዴ አልተቀበለውም። አሁንም አይቀበለውም።

ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ፣ አልበርታ፣ ራም ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ያሉትን ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ተመራማሪዎች አንድ በአንድ እየለዩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። የአደኑ ሕግ ለጋውን ለማዳን የወጣ ይመስላል፤ ቀንዱ ዞሮ ከተወሰነ መጠን ያላለፈ ወንድ አይገደልም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ያሳየው ግን የሚያሳዝን ነው። ቀንዱ ቶሎ የሚያድግ ወንድ ገና በአራት ዓመቱ ለጥይት ይደርሳል። በደንብ ዘር የሚተካው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቀንደ አጭሩ ይተርፋል፣ እሱ ይወልዳል። ከዓመታት በኋላ የመንጋው ቀንድ አነሰ። በቀንድ ስለለኩ ሽማግሌ ገደልን እያሉ ጎረምሳ ነበር የሚገድሉት፣ ያውም ምርጥ ምርጡን።

ስለዚህ «ትልቁን ግደል፣ ትንሹን ተው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ትልቅ ማለት በምን? በዕድሜ ከሆነ እሺ፣ እስማማለሁ። በቀንድ ከሆነ ግን አልስማማም፣ ማንም ይበለው ማን። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው ደግሞ የሚለካው በሜትር ነው። የደጋ አጋዘን ቀንድ ደግሞ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ለዚያ ብሎ ውቅያኖስ ለተሻገረ ሰው «ይሄኛው ቀንዱ አጭር ነው፣ ግን እሱ ነው ያረጀው» ብትለው ይሰማሃል?

ክርክሩ ራሱ ጠባቂ ያለበት አገር ክርክር መሆኑንም አልረሳሁትም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ አጋዘኑ ያለ ልዩነት ተገድሏል። እንስት፣ ግልገል፣ ሽማግሌ ብሎ የመረጠ አልነበረም። አጎቴ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ዛሬ ደግሞ ሰውና ከብቱ ወደ ጫካው እየገፋ ነው፤ አጋዘኑም ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ከሚሰጋላቸው አንዱ ነው። እንዲህ ጥቂት በቀረ ነገር ላይ እያንዳንዱ ምርጫ ይከብዳል። አንድ ጎረምሳ በስህተት ቢመታ የሚጎድለው ብዙ ነው።

አጎቴን እጅግ አከብራቸዋለሁ። እሳቸው ባይኖሩ ስንቱ ለጋ ይወድቅ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ከእሳቸው ጋር የሚሄደው ሰው ሁልጊዜ ረጅሙን ነው የሚፈልገው። አፈሙዙን ያልመለሱባቸው ቀኖችስ? እነዚያ «ይሄ ይሁን» ያሏቸው አጋዘኖች በእውነት አርጅተው ነበር፣ ወይስ ቀንዳቸው ብቻ ነበር የቀደመው? እሳቸው ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ሰሞኑን ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። የአልበርታውን ነገር አንስቼ ልጠይቃቸው ወይስ ልተወው? ዕድሜ ልኩን ለጋውን ሲያድን ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርባል?