ጉድጓድ ውስጥ የሚበቅለው ወይን

ስለ ላንዛሮቴ ነጭ ወይን የሚያወራ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከእሳተ ገሞራው ነው። ሻጩም አስጎብኚውም እንደዚያው። እኔ ግን ደሴቲቱን አይቼ ከተመለስኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ጉድጓዱ ነው። ሰው በአካፋ የቆፈረው ጉድጓድ። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ላንዛሮቴ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ግዛቷ የስፔን ይሁን እንጂ ቅርበቷ ለአፍሪካ ነው። ከሞሮኮ ጠረፍ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ዝናቧ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወንዝ የላትም። በዚያ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የባሕር ነፋስ እረፍት አያውቅም፤ በተለይ በበጋ ቆብ አያስደርግም።

ድሮ እህል ይበቅልባት ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730 ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት መካከል፣ ቲማንፋያ የሚባል መንደር አጠገብ ምድር ተከፈተች። ይህን የምናውቀው የያይሳ ደብር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ የሆነውን እየተከታተሉ ስለጻፉት ነው። እሳቱ እስከ 1736 ድረስ እየጋመና እየበረደ ቀጠለ። መንደሮች ተቀበሩ። ከደሴቲቱ ሩብ ያህሉ በቀለጠ ድንጋይ ተሸፈነ፣ ከዚያ የሰፋው ደግሞ ጥቁር አመድ ለበሰ። ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ተሰደደ።

የቀሩት ናቸው እኔን የሚገርሙኝ። አመዱ ውኃ እንደሚይዝ አስተዋሉ። አመድ እንላለን እንጂ ዱቄት አይደለም፤ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ሳይፈስ ወደ ታች ይሰርጋል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጠጠሩ አፈሩን ከልሎ እርጥበቱ እንዳይተን ያደርጋል። ችግሩ ላ ሄሪያ በሚባለው አካባቢ አመዱ በጣም ወፍራም ነው። የተተከለ ነገር ሥሩ አፈር ሳያገኝ ይደርቃል። ስለዚህ ቆፈሩ። አፈሩ እስኪገኝ ድረስ፣ አንዳንዱ ቦታ ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ታች። ሰፊ ጉድጓድ፣ ከታች አንድ የወይን ግንድ። አፋፉ ላይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ። ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ ግንድ፣ ሌላ ካብ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ኮረብታው እንዲህ ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከእርሻቸው ዳር ቆመን ስናይ ጠሩን። በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ እጃቸው ግን ብርቱ ነው። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ አንበርክከውኝ «እጅህን አስገባ» አሉኝ። ላዩ የሚያቃጥል ነበር። ጣቶቼን ወደ ውስጥ ስሰድ ቀዘቀዘኝ። ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ረጠበኝ። ዝናብ ከዘነበ ወራት አልፏል አሉኝ። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ አይወጡም፤ አመዱ ላይ ተኝተው ወደ ጎን ነው የሚሄዱት። ዘለላው ቅጠል ሥር ተደብቆ ነበር፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ወርቅማ አረንጓዴ።

ካቡ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት አለ። ነፋሱን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ጉልበቱን ሰብሮ ያሳልፈዋል። አመዱ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እየተንሸራተተ ጉድጓዱን ይሞላል። ስለዚህ በየዓመቱ በአካፋ መልሶ ማውጣት ነው። ትራክተር አይገባም። ድሮ ዘለላውን በግመል ያጓጉዙት ነበር። አሁንም ከጉድጓዱ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ለቀማው ከአብዛኛው አውሮፓ ቀድሞ በሐምሌ ይጀምራል፣ በዚያ ሐሩር።

ላቫው፣ ማለትም ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ፣ የተሰነጠቀባቸው ቦታዎችም አሉ። እዚያ ስንጥቁ ውስጥ ሙስካት የሚባለውን ወይን ይተክላሉ። ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አያውቁም እነዚህ ሰዎች።

የደሴቲቱ ዋና ነጭ ወይን ማልቫሲያ ቮልካኒካ ነው። በአውሮፓ ማልቫሲያ የሚባሉ ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ ይሄኛው ማልቫሲያ አሮማቲካ የሚባለውና ማርማሁዌሎ የሚባል የካናሪ ወይን በራሳቸው ተዳቅለው የወለዱት ነው። ግንዱ የቆመው በገዛ ሥሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባለው የሥር ተባይ የአውሮፓን ወይን ሲጨርስ እዚህ አልደረሰም። ሌላው ዓለም ወይኑን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየቀጠለ ሲያድን፣ እነዚህ ከገዛ ወይናቸው ቅርንጫፍ እየቆረጡ መትከላቸውን ቀጠሉ።

ከ1775 ጀምሮ በሚሠራው ኤል ግሪፎ በሚባለው የወይን መጥመቂያ የቀመስኩት ደረቁ ዓይነት ነበር። ስኳር የለውም። አፍንጫ ላይ ሎሚና ነጭ አበባ ይሸታል፣ ምላስ ላይ ስል ነው፣ መጨረሻው ጨው ጨው ይላል። ለጥብስ ዓሣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«ለስፔን ነጭ ወይን ውድ ነው» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። ይሄ ንግግር ያናድደኛል። ሜዳ ላይ ሄክታሩ ሺዎች ግንድ ይይዛል፣ ማሽን ይገርዘዋል፣ ማሽን ይለቅመዋል። ላ ሄሪያ ላይ በአንድ ሄክታር ያለው ጥቂት መቶ ግንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም በእጅ። ርካሽ ቢሆን ኖሮ ነበር መጠየቅ የነበረብን፤ ማን ሳይከፈለው ቀረ ብለን።

አዛውንቱን «ልጆችዎ ይረዱዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሆቴል ነው የሚሠሩት» አሉኝ። በልጆቹ አልፈርድም። ደመወዙ በየወሩ ይገባል፣ ወገብም አይሰብርም። ግን ከእሳቸው እርሻ ባሻገር የተተወ ቁልቁለት ነበር። ካቡ ፈርሷል፣ አመዱ ጉድጓዶቹን ከግማሽ በላይ ሞልቷቸዋል፣ ከአንዱ ጥቂት ቅጠል ብቻ ብቅ ብሏል። ያንን መልሶ ማውጣት የስንት ክረምት ሥራ እንደሚሆን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጉድጓዱ አትውረዱ፣ ካቡም ላይ አትቀመጡ። እግር ሲረግጠው አመዱ ይናዳል፣ ከሥሩ ካለው አፈር ጋርም ይደባለቃል። ከአፈር የተደባለቀ አመድ እርጥበቱን እንደ ድሮው አይጠብቅም። ፎቶውን ከመንገዱ ሆኖ ማንሳት ይቻላል፣ ያምራልም። ከዚያ የገበሬዎቹን ወይን ግዙ፤ ጠርሙሱ ላይ «ዴኖሚናሲዮን ዴ ኦሪሄን ላንዛሮቴ» የሚለውን፣ ወይኑ የላንዛሮቴ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ጽሑፍ፣ እያያችሁ።