ድራሙ ሳሎን፣ መስታወቱ ኮሪደር

ዛሬ ጠዋት የመኝታ ቤቱን ትልቅ መስታወት አውርጄ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ አየችኝና ምንም ሳትል አለፈች። መጀመሪያ ሶፋው ወጣ፣ ቀጥሎ ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ አሁን ደግሞ መስታወቱ፤ ከየቱ ትጀምር? እኔም ከሦስት ሳምንት በፊት «ባንዱን እዚሁ ቤት እንቅረጽ» ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር ነገሩ መስታወት እስከ መስቀል ይደርሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ሐሳቤ ሁሉ ማይክሮፎን ላይ ነበር።

አምስት ነን፦ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ድምፃዊት፣ እኔ ደግሞ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ቀረጻውንም የምመራው እኔ ነኝ። ቤቱ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ጠባብ ዕቃ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ሁሉን የሚያገናኝ ኮሪደር አለው። አምስት ሰው፣ አምስት ክፍል። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሰውን ያሳስታል።

ስሕተቱ ከድራሙ ጀመረ። ጩኸታም ነገር ጠባብ ቦታ ሲዘጋበት አደብ የሚገዛ መስሎኝ ትንሹ መኝታ ቤት ውስጥ ተከልኩት። ክፍሉ በ3 ሜትር የተቆረጠ ካሬ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 3 ሜትር ተራርቀው ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 57 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው፣ በራሱ ላይ እየተደረበ ያብጣል። በሌሎቹ ሁለት ግድግዳዎች መካከልም ርቀቱ ያው ስለሆነ እብጠቱ እዚያው ድምፅ ላይ ይደገማል። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ የቤዝ ድራሙ፣ ሆዱ ያለው ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው። አንዴ ሲረገጥ «ዱም» ብሎ ማብቃት ሲገባው እየተጎተተ ከሚቀጥለው ምት ጋር ይላተማል።

መፍትሔ ያልኩት ነገር ባሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳው ላይ ስስ ስፖንጅ ስለጥፍ ከረምኩ። ሙጫው እስካሁን ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ውጤቱ ሲምባሉ፣ ማለትም የድራሙ የብረት ሳሕን፣ ታፍኖ ጉምጉምታው እንዳለ መቅረቱ ነው። የ57 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው፤ የሦስት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ ምን ያደርገዋል? ወፍራም ድምፅ የሚሸነፈው ከድንጋይ ወይም ከመስታወት በተፈተለ ጥቅጥቅ ያለ የማዕድን ሱፍ ነው፤ ያውም ወፈር ብሎ፣ ድምፁ በሚከማችበት በክፍሉ ማዕዘን ላይ ሲቆም። ጊታሪስታችን በበኩሉ የእንቁላል ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ካርቶን እሳት ለመቀበል ካልሆነ ለሌላ እንደማይረዳ ነግሬ መለስኩት። ስፖንጄን አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለእኔ ስለ ቤቴ ሆነ፦ ስምንት ዓመት የኖርኩበት ሳሎን እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ባዶው መኝታ ቤት «ትርርር» ብሎ እንደ ቆርቆሮ መለሰልኝ፤ ራቁታቸውን ፊት ለፊት የተፋጠጡ ግድግዳዎች የሚያደርጉት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ገደል ማሚቶ ሆነ። ሳሎኑ ግን ጭብጨባውን ተቀብሎ ትንሽ አቆየውና ለቀቀው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ከ20 ነው። በአንዱ በኩል መጻሕፍት እኩል ባልሆነ መልኩ ታጭቀዋል፣ በሌላው ከባድ መጋረጃ አለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ማንም ለድምፅ ብሎ አላሰናዳውም፤ ኑሮ ራሱ አሰናድቶታል። ድራሙን በዚያው ምሽት አዛወርነው።

የሚወጣውን ድምፅ ማፈንና ውስጡን ማሳመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የተማርኩት ጎረቤታችን በር ሲያንኳኩ ነው። ፍራሽ ክፍሉን ያለሰልሳል እንጂ ድራምን ከቤት እንዳይወጣ አያግድም። ያን የሚያግደው ክብደትና አየር የማያሳልፍ መዝጊያ ነው፤ ከበር ሥር የቀረች የጣት ክፍተት ብቻዋን ልፋቱን ታፈርሳለች። ግድግዳ እንደ አዲስ ስለማልገነባ ከጎረቤታችን ጋር በሰዓት ተስማማን። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ድረስ የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ ይል ነበር። በተለይ ክሩ። ከድራሙ በላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይክሮፎኖች ከስኔሩ፣ ድራመሩ ፊት ካለው ጠፍጣፋ ድራም፣ እኩል ካልራቁ ያው አንድ ምት ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ይደርስና ሲደመሩ ይቀጥናል። ስለዚህ ድራመራችን የስፌት ክር ጫፍ ስኔሩ መካከል ላይ በአውራ ጣቱ ያዘ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ እስከ መጀመሪያው ማይክሮፎን ወጥሬ ቋጠሮ አሰርኩበትና ቋጠሮውን ወደ ሁለተኛው አዞርኩት። አራት ጣት ያህል ጎደለ። መቆሚያውን ዝቅ፣ እንደገና ክር፣ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ክር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ትንፋሻችንን ይዘን በአንዲት ክር ስንነጋገር ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ያን ዕለት ግን ስቃለች።

ቤዙን ያለ ስፒከር በቀጥታ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ወሰድነው። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሳሎኑ ወርድም የሚያሳብጠው ልክ እሱኑ ስለሆነ አምፕሊፋየር እዚያ ማስጮህ በገዛ እጅ ጣጣ መጥራት ነበር። የጊታሩ ስፒከር ልብስ በታጨቀበት ዕቃ ቤት ተዘጋበት። ድምፃዊቷን፣ ሁሉም እንደሚመክረው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ መሀል ከተትኳት። እንደ ሬሳ ሣጥን ነበር፤ የድምፅዋ ብርሃን ጠፍቶ ወፍራሙ ብቻ ተረፈ። ወደ ትልቁ መኝታ ቤት አወጣኋትና ብርድ ልብሱን ከማይክሮፎኑ ጀርባ ሳይሆን ከእሷ ጀርባ ሰቀልኩት፤ ማይክሮፎኑ የሚያየው ወደዚያ ነውና።

ማቀዝቀዣው ሲንገሸገሽ ስለሚሰማ ነቀልነው። እንደተነቀለ ረስቼው እንዳልወጣ የመኪናዬን ቁልፍ ውስጡ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ቀረጽን። አምስታችንም በየክፍላችን፣ በሮች ተዘግተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገን። አሥራ አራት ጊዜ ተጫወትነው። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ከአንዱ ማይክሮፎን ወደ ሌላው የገባ ነገር የለም። ዘፈኑ ግን ሞቷል። መጨረሻው ላይ ሁላችንም በአንድ ላይ የምንቆምበት ቦታ አለ፤ ለዓመታት ተሳስተነው የማናውቀው። ቤዝ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ሙከራ በስንጥር ዘገየ። የሚቆጥርለት ድምፅ ጆሮው ላይ አለ፣ ስንት ምት እንደቀረው ያውቃል። ማታ መሣሪያውን ሲከት ቀስ ብሎ፣ «የድራመሩ ትከሻ ነው ከእጁ በፊት የሚነግረኝ» አለኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ክፍል ስመርጥ ማን ከማን ይለይ እያልኩ ነበር የመረጥኩት። ማን ማንን ማየት አለበት ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። እ.ኤ.አ. በ1971 የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በደቡብ ፈረንሳይ በተከራዩት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሲቀርጹ በየጓዳው ተበታትነው፣ ከሙቀቱና ከርጥበቱ የተነሣ ጊታሮቹ ከቅኝታቸው እየወጡ መከራቸውን አይተዋል። እነሱም እንዲህ ሆነዋል ብዬ ተጽናናሁ። እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኛ እኛ ነን፤ ቢሆንም።

በማግስቱ ሳሎኑን እንደገና አደራጀን። ቤዝ ተጫዋቹ ድምፁ በገመድ ስለሚሄድ ድራመሩ አጠገብ ቢቀመጥ ማንንም አይረብሽም። ጊታሪስቱም እንዲሁ፤ ስፒከሩ ዕቃ ቤት ይቅር እንጂ እሱ ለምን ይታሰራል? የመሣሪያውን ገመድ ብናረዝመው ድምፁ ስለሚደበዝዝ የአምፕሊፋየሩን ራስ፣ ማለትም ስፒከር የሌለውን ማጉያ ክፍል፣ ከጎኑ አደረግንለትና በኮሪደሩ በኩል የስፒከሩን ሽቦ አስረዘምነው። እኔም ኪቦርዴንና ኮምፒውተሩን ይዤ ማዕዘን ላይ ተወሸቅሁ።

ድምፃዊቷ ብቻ ቀረች። እሷ ደግሞ «ድምፄ እየተከተለኝ ነው» ስትል ሰንብታለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን እየቆረሰ የሚያስተናግድበትን መጠን 1024 ናሙና፣ ማለትም ደቃቅ የድምፅ ልኬት፣ ላይ ትቼዋለሁ። በሰከንድ 44,100 ናሙና ለሚቀርጽ መሣሪያ ይህ 23 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሰው 8 ሜትር ርቆ ሲናገር የመስማት ያህል። ገብቶ ሲወጣ ደግሞ እጥፍ። ወደ 128 ሳወርደው አንድ ሜትር ገደማ ሆነ፤ እሷም ዝም አለች።

መታየቱ ግን ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሁላችንም የምንገባው እሷ አየር ስትስብ ነው፤ ያን ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ አይነግርም። ስለዚህ መስታወቱ። ከሳሎኑ በር ትይዩ ኮሪደሩ ላይ ጠመም ብሎ ከተሰቀለ ድራመሩ እሷን፣ እሷም እሱን ታየዋለች። ለዚህ የመኝታ ቤቱ በር መከፈት አለበት፤ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ድምፅዋ ከድራሙ በላይ ወዳሉት ማይክሮፎኖች ይገባል፤ ከገባ ኋላ ላይ ለብቻዋ ደግማ ልትዘፍነው አትችልም። የተዘፈነው ተዘፈነ ማለት ነው። ይህን ስነግራት ትከሻዋን ሰበቀችና፣ «ታዲያ መድረክ ላይ ደግሜ ነው እንዴ የምዘፍነው?» አለች።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የድራመሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የማይክሮፎኑ መቆሚያና የበሩ እጀታ ብቻ ነው። ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ከታችኛው ጠርዝ ሥር ወተፍኩ። ባለቤቴን ጠርቼ ድምፃዊቷ በምትቆምበት ቦታ አቆምኳት። አገጯ ታየ። አንድ ወረቀት ጨመርኩ።

«አሁንስ?» አለችኝ ከዚያ ማዶ፣ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እያየችኝ።