ራሰ ትልቋ እናት አይደለችም

ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ የማሽላ ቆሎ በተበተነ ቁጥር ቁጫጮቹ ይሰፍሩበታል። አብዛኞቹ ደቃቅ ናቸው፤ መሃላቸው ግን ራሷ ከሆዷ የሚተልቅ አንዳንድ አትጠፋም። ጎረቤታችን እማማ «ትልቋ እናት ናት፣ ሌሎቹ ልጆቿ» ይላሉ። እኔም ለማጣራት ተነሳሁ።

ከጎጇቸው አጠገብ የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ አኖርኩ። የመጡትን በብልቃጥ ይዤ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት አቆየኋቸው፤ ብርድ ያፈዛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ከዚያ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ስልኬ ላይ ማጉያ መነጽር ቆንጥጬ አነሳኋቸው። መለካት ያለበት የራስ ስፋት ነው። ሆድ ሲበሉ ይነፋል፣ ሲራቡ ይሟሽሻል፤ የራስ ቅርፊት ግን ባለበት ይጸናል።

የደቃቋ ራስ አንዷን ካሬ አይሞላም፤ የትልቋ ያልፋታል። ደቃቋን በምናብ ብታሳድጓት እንኳ ትልቋን አትወጣም፤ የትልቋ ራስ ከቀሪው አካሏ ጋር አይመጣጠንም። ውስጡን የሞላው በአብዛኛው መንጋጋ የሚዘጋ ጡንቻ ነው። «ወታደር» ይሏታል፣ እኔ ግን ስትዋጋ ሳይሆን ደቃቆቹ ያቃታቸውን ፍሬ ስትፈረካክስ ነው ያየኋት።

የእማማን ነገር የፈታልኝ ጎጇቸውን የከደነውን ድንጋይ ገልበጥ ማድረጌ ነው። የእነዚህ ቁጫጮች ፑፓ (ከእጭነት ወጥታ ጉንዳን ከመሆኗ በፊት ያለችበት ደረጃ) ድር አይለብስም፣ ስለዚህ ገና ከመፈልፈሏ በፊት ትልቁ ራስ ወለል ብሎ ይታያል። አዲስ የወጡትም ቀለማቸው ገርጣ ያለ ነው፤ ከገረጡት መካከል ደቃቅም ትልቅም ነበሩ። ጉንዳን አንዴ ከፑፓዋ ከወጣች አታድግም። ሁለቱም የንግሥት ሴት ልጆች ናቸው፤ የለያያቸው በእጭነታቸው ያገኙት ምግብና እሱን ተከትሎ የሚወጣው ሆርሞን ነው። ድንጋዩን ቀስ ብዬ መለስኩት፤ ፑፓዎቹን ፀሐይ ያደርቃቸዋል።

«ታዲያ እናታቸው የት አለች?» አሉኝ እማማ። ታች፣ ከጨለማው።

ይህ ደቃቅና ትልቅ ብሎ ለሁለት መክፈል ለሁሉም ጉንዳን አይሠራም። የገብረ ጉንዳን ሠራተኞች ከትንሿ እስከ ግዙፏ ያለ ክፍተት ይቀጣጠላሉ፤ ሁለት ቦታ ልክፈላቸው ቢሉ ድንበሩ አይገኝም። ዓይን ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። እነሱን መለካት ለሚፈልግ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይክተት።